የእናቴ መደብ

ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ፣ ብዙ ሆነን በመስኖ በጋራ የምናለማት መሬት አለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመደብ በመደብ ተከፍሎ በዕጣ ይደርሰናል። ለዕጣው እኔ ጠጠር እሰጥ ነበር፤ እናቴ ከቀሚሷ የወለቀ ቁልፍ።

እሷ ካረፈች በኋላ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን፣ ዕጣው ተጥሎ ሲያበቃ አንድ መደብ ባለቤት አጣ። የሚያካፍሉት ሽማግሌ ደነገጡ።

«አይ እጄ! ለምዶ የእሷንም ከፈለ።»

«እሷ ድሮስ መች ቀርታ ታውቃለች?» አሉ አንዲት አሮጊት።

ሽማግሌው መደቡን ሊበትኑት ሲያጎነብሱ፣ «አባቴ፣ እባክዎ ይተዉት» አልኩና ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ አስቀመጥኩበት። ማንም አልተቃወመኝም።

ወረታ ቤቴ ገብቼ የእሷን ቲማቲም ለብቻ ሠራሁት። በሕይወት ሳለች፣ «ዛሬም ቲማቲም?» እያልኩ አማርራት ነበር። ያን ቀን ድስቱን ጠርጌ በላሁ።