ለላንድሮቨር ያለቀስኩበት ድንኳን

ነገሩ የሆነው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፣ የካዛንቺስ አንዱ ጎን ፈርሶ ሌላው ተራውን በሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ገጠመኝ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሌላው የዋለላቸውን ደግነት ወይም የሠራባቸውን ግፍ ይተርካሉ። እኔ የምጽፈው ራሴ ስላደረግኩት ነገር ነው። ያየኝ ሰው ሁሉ በስህተት ስላመሰገነኝ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር በራሳችን መኪና ከአዲስ አበባ እስከ ሞምባሳ ለመሄድ ወስነን ነበር። እቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ እጠላለሁ። ጸሐፊዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ቆመው፣ አንድ ዓይነት ዓሣ በልተው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አይተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ሐዋሳን ሰረዝኳት። በምትኩ ዲላ አጠገብ ያሉትን የጥንት ትክል ድንጋዮች፣ የቦረናን ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ኤል ሶድ የሚባለውን ገደል ውስጥ የተኛ የጨው ሐይቅ፣ ከሞያሌ ማዶ ደግሞ የማርሳቢትን ተራራ መረጥኩ። እያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰዓት እንደምንቆም ሳይቀር ጻፍኩ።

ሰናይት ዝርዝሩን አንብባ «ሽንት ቤት የምንቆመው የት ነው?» አለች።

ዝርዝሩን ተቀብያት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ለመኪናው የመውጫ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ ሠራተኛዋ ሊብሬውን ገልጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና እኮ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ።

«ሰባት ዓመት ነድቼዋለሁ።»

«በውክልና ነዋ! ውክልናው ላይ ደግሞ ከአገር ማውጣት የሚል የለም። ባለቤቱ መጥተው ይፈርሙ። በሕይወት አሉ አይደል?»

«ባይኖሩስ?»

«ከሞቱማ ውክልናውም አብሮ ሞተ። በቃ፣ ጉዳይዎ ከወራሾች ጋር ነው።»

በዚህ ከተማ መኪና ገዝቶ፣ ስም ሳያዞር፣ የሻጩን ውክልና ኪሱ ከትቶ የሚነዳው ሰው ብዙ ነው። ሰናይት «ኧረ ስም አዙር» እያለች ሰባት ዓመት ጨቅጭቃኛለች። ያላዞርኩት ከሻጩ ከአቶ ደምሴ ጋር ስለተጣላሁ ነው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው፤ ከእኛ ቤት ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ብለው ይኖራሉ። ላንድሮቨሩን በገዛሁ በወሩ ካምቢዮው አስቸገረኝና በራቸው ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «አጭበርባሪ» ብያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሳልፍ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ እሳቸው ይተፋሉ።

በማግስቱ ኩራቴን ውጬ ሄድኩ። በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል።

በሆዴ «ልክ አሁን!» አልኩ። «ሰማንያ ዓመት ኖረው አንድ ሳምንት ቢታገሡኝ ምን ነበረበት?» ድንኳን ደጃፍ ደርሶ መመለስ ነውር ነውና ገባሁ። ወንበር ሰጡኝ። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅም አላስፈለገኝም። መኪናው ከእንግዲህ የወራሾች ነው፤ ወራሾቹ ደግሞ አባታቸውን ማን እንደሰደበ ያውቃሉ። ድንጋዩ፣ ጉድጓዱ፣ ሐይቁ፣ ባሕሩ አንድ በአንድ ሲጠፉ ታየኝና እንባዬ መጣ። እናቴ ስትሞት እንኳ በሰው ፊት ያላለቀስኩት ሰውዬ ተንሰቀሰቅኩ።

«ምናቸው ነው?» አሉ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ።

«እንጃ። ግን እንዴት ቢወድ ነው!»

«ተዉት፣ ያልቅስ። ይውጣለት።»

ያኔ አቶ ደምሴ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከቤት ወጡ። የሞቱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበሩ።

ብድግ አልኩ። ፊቴ በደስታ በርቶ ነበር፤ መደበቅ አልቻልኩም። አቶ ደምሴ አይተውታል። ቀርበው ጨበጡኝና ማንም እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለማን ነበር የምታለቅሰው?» አሉኝ።

እኔ እውነትን ፊት ለፊት በመናገር የምኮራ ሰው ነኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ።

«የመኪናው ጉዳይ ነው አይደል? ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ውልና ማስረጃ ጠብቀኝ።»

ሰኞ ስደርስ ቀድመውኝ ተሰልፈዋል።

«ለአንተ ብዬ የመጣሁ እንዳይመስልህ» አሉኝ። «ጥሩነሽ ናት። ‹የዚያን ባለጌ ወረቀት ጨርስለት፤ አንተ ብትሞት ሜዳ ላይ ይወድቃል› እያለች ሰባት ዓመት ነዘነዘችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ካምቢዮው ደግሞ ጤነኛ ነበር፤ ችግሩ እጅህ ነው።»

ስም ማዞሪያውን ፈረሙልኝ። ከዚያ የጉዞ እቅዴን ከእጄ ወስደው አነበቡት።

«ኤል ሶድ ከቀትር በኋላ? ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል። በጠዋት ውረድ። ቀትር ላይ ያንን ገደል ስትወጣ ልብህ ቀጥ ትልና ለአንተም ድንኳን ልንተክል ነው። መቼ ነው የምትነሡት?»

ቀኑን ነገርኳቸው። ወረቀቱን መለሱልኝና ሄዱ።

ቤት ገብቼ ስቆጥር የወይዘሮ ጥሩነሽ አርባ የሚወጣው ከተነሣን በሦስተኛው ቀን ሆኖ አገኘሁት። አቶ ደምሴ ያሉኝን ሁሉ ስነግራት ሰናይት ጉዞውን በሳምንት እንግፋው አለች። ዝናብ ከገባ የማርሳቢት መንገድ አይታለፍም አልኳት። ይህ እውነት ነው።

«የሚልኩን እኮ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው» አለች።

«ስለላኩን እንሂዳ» አልኩ። ጎበዝ ተከራካሪ ነኝ፤ ሄድን።

አርባው የወጣ ዕለት ማለዳ ኤል ሶድ ነበርን። ሰናይት አልወረደችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ እንደተመከርኩት በጠዋት ወረድኩ። ቁልቁል ስሄድ ኀፍረቱ ሐይቁን እንደሚያበላሽብኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ይገባኛልም ብዬ ነበር።

አላበላሸውም። ውኃው እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ ጨው አውጪዎቹ ጠልቀው ጭቃውን ይዘው ሲወጡ ገላቸው ያብረቀርቃል። በሕይወቴ ያን ያህል ያማረ ነገር አላየሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ስመለከት ስለ አቶ ደምሴም፣ ስለ ባለቤታቸውም አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

እስከ ዛሬ ስለ ራሴ የሚያስፈራኝ ያ ሁለት ሰዓት ነው።