ድንገተኛ በዋሽንት

ቤቴል ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ የባለቤቱ የእህት ልጅ ኮምፒውተሮቻችንን ዜማ አስተማራቸው። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ቁልፍ ስትጫን እኛ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ አዲስ ታካሚ ሲመጣ አንድ ዜማ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርስ ሌላ፣ ድንገተኛ ሲገባ ሦስተኛ። ሦስቱም የዋሽንት ድምፅ ናቸው፤ የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ብቻ ነው። የእህት ልጁ የሚኮራውም በዚሁ ነው።

"አንድ ቤተሰብ እንዲመስሉ ብዬ ነው፣ ሲስተር" አለኝ አንገቱን እያወዛወዘ።

"ድንገተኛው ለምን አይጮህም?"

"ታካሚ ይረበሻላ። ጆሮሽ ይለምደዋል።"

ከአንገት በላይ ፈገግ አልኩለት። ይሄ ሰው በሕይወቱ ደም ያየው ጢሙን ሲላጭ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ የአንድ ሰው ቁስል ስትጠርግ፣ እኔ ፋሻ ስቆርጥላት ዋሽንቱ ተነፋ። "ውጤት ነው" አለች። እኔም ውጤት መሰለኝ። እንደገና ተነፋ፤ ዝም አልነው። ወዲያው ከኮሪደሩ "ሰው የለም እንዴ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!" የሚል ጩኸት መጣ፤ ያኔ መቀሱን ወርውሬ ሮጥኩ። አባትየው ከዓለም ባንክ ሰፈር በሚኒባስ ታቅፎ ያመጣት ልጅ አስም ተነሥቶባት ከንፈሯ ጠቁሯል። ኦክስጅን አደረግንላት፣ መድኃኒቱን በጭምብል ሰጠናት። ድምፅ አውጥታ እስክታለቅስ ድረስ እኔም በቅጡ አልተነፈስኩም።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ባለ ዋሽንቱ ላፕቶፑን ከፍቶ "ችግሩ የሥልጠና ማነስ ነው" አለ። እኛ ላይ መሆኑ ነው።

"እስቲ ዶክተር ይለዩልን" አልኩ ወደ ባለቤቱ ዞሬ።

አንዱን አሰማ። የክሊኒኩ ባለቤት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና "ድንገተኛ!" አሉ በሙሉ ልብ።

"አዲስ ታካሚ ነው" አለ የእህታቸው ልጅ ቀስ ብሎ። "ልብ ብለው ስላልሰሙት ነው፣ ዶክተር።"

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ስብሰባው ድምፁ ከፍ እንዲደረግ ወስኖ ተበተነ። ያው ዋሽንት፣ ጮክ ብሎ!

እኔ ግን ኮልፌ ገበያ ወርጄ እንደ አይሱዙ ጥሩንባ የሚያጓራ የበር መጥሪያ ገዛሁ፤ ከእንግዳ መቀበያው እስከ እኛ ክፍል ገመድ አስዘረጋሁለት። ባለቤቱ አይተው እንዳላዩ አለፉ። አሁን ድንገተኛ ገብቶ እሱ ሲያጓራ ሁላችንም ብድግ እንላለን።

ባለ ዋሽንቱ አንድ ቀን ሰምቶት ፊቱን አጨፈገገ። "በጣም አስቀያሚ ድምፅ ነው" አለኝ።

"አዎ" ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ።