አያ ተገኘና አረንጓዴዋ ሴት

የወተት ጥርሴ ገና ሳይለቅ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ዳር ካለው ሰፈራችን አያ ተገኘ የሚባል ሽማግሌ ሸማኔ ነበረ። ባና ነበር የሚሠራው፤ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። ተረት የምሰማው ከእሱ ነበር፤ ማምሻውን ከምድጃው ፍም አጠገብ ኩርምት ብዬ። ግን እንዲያው አያወራም። «አንቺ ወሬኛ፣ ዛሬስ ማን ከማን ተጣላ?» ይለኛል። የሰፈሩን ጉድ አራግፌ ስጨርስ፣ ያኔ እሱም ስለ ዝንጀሮዎቹ ዳኛ፣ ዝናብን ላግባ ብሎ ስለተነሳው አህያ ይጀምርልኛል፤ ክሩን ሲስብ ድምፁ ይረዝማል፣ ሲጠቀጥቀው ያጥራል፤ ኩራዝ እስኪለኮስ ድረስ እንዲህ ነን።

አንድ መስከረም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰዓሊ በወረቀት የሣለውን ይዞ፣ «ይሄን በሱፍ ሥራልኝ» አለው። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የተነከረ ክርም አመጣለት። ሥዕሉ ፊቷ አረንጓዴ፣ አንገቷ የተጣመመ ሴት ናት፤ አንድ ዓይኗ የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህላል። አያ ተገኘ ሳቀ። «የተማረ ሰው ሴት አይቶ አያውቅም መሰለኝ!» በእጁ ስትገባ ግን ሸጋ ሆነች። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በደጁ ሲያልፉ ግማሽ የደረሰውን ዓይኗን እያዩ ያማትቡ ጀመር። ሸማኔ ሁሉ ቡዳ ነው በሚባልበት አገር፣ ዓይን የሚሠራ ሸማኔ ሲገኝ አስቡት።

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ከእሱ ዘንድ ስመለስ፣ ከሰው ማሳ የሰረቅሁትን የባቄላ እሸት በጥሬው ጠግቤ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። እናቴ ጮኸች፤ ጎረቤት ሞላ። ጎማና የፍየል ቀንድ አጨሱብኝ፣ ጤና አዳም አፍንጫዬ ውስጥ ወተፉ። «ማን ነህ? ተናገር! የት ያዝሃት?» ይላሉ፤ የሚያናግሩት እኔን ሳይሆን በላት ያሉትን ቡዳ ነው። ስም ካልወጣ ጭሱ እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ሌሎች ሲለፈልፉ አይቻለሁ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ጆሮዬ ስር፣ «ዓይን የሚሠራው ነው አይደል?» አሉ።

«እኔ ተገኘ ነኝ» አልኩ። ጭሱን ወዲያው አነሱልኝ።

በማግሥቱ ሱፍ የሚፈትሉለት ሴቶች ቀሩ። እሳት የሚጭርለት፣ እንደምን አደርህ የሚለው ጠፋ። አንድ ጠዋት ደጃችን ቆሞ፣ «ምነው ልጄ?» አለኝ። እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጥኩ። በሩን ዘግቶ ሥራውን ጨረሰ፤ አረንጓዴዋን ሴት ሰዓሊው በማኪና ጭኖ ወሰዳት። እሱም ጓዙን በጆንያ ቋጥሮ በአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ሄደ።

አምና ለሠርግ ተጠርቼ ጎንደር ፒያሳ አንድ ሆቴል ስገባ ግድግዳው ላይ አየኋት። ቀለሟ አልደበዘዘም። ከስሯ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቀምኩ፤ የሰዓሊው ስም ብቻ ነው። አጠገቤ የቆመች ሚዜ እሱኑ አንብባ፣ «ወይ እጅ! እጁ ይባረክ!» አለች። ሳልጠየቅ የምናገረው ሴት፣ የሸማኔውን ስም ሳላነሳ ወደ ሠርጉ ገባሁ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት፤ ያኔ ያመመኝ ባቄላ እንደነበር፣ አያ ተገኘ እንዳልበላኝ። አርጅታለች፤ ጋቢዋን እየጎተተች፣ «አውቃለሁ፤ ሲያስመልስሽ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ያን ሁሉ ሰው ጮኼ ጠርቼ፣ ባቄላ ነው ልበል? መሳቂያ ልሁን?» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ተረቶቹን ለልጆቼ ላወራ ሞክሬያለሁ፤ አይሆንልኝም፤ መሃል ላይ የሰው ሐሜት ይሆኑብኛል። በሰፈራችን ማን መቼ እንደተዳረ፣ ማን በምን እንደሞተ የሚጠየቀው ከእኔ ነው። አያ ተገኘ የት እንደተቀበረ ግን አላውቅም። አምባ ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡስ በየቀኑ አለ፤ ዘመድም አለኝ። ጠይቄ አላውቅም።