የተወካያችን እጅ የት ነበር?

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎባ ውስጥ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ሰውን ግን የሚያውቁት በድምፁ ነው። እኔ ሮቤ ላይ ጠበቃ ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሥራዬን ስጨርስ ሚኒባስ ይዤ ጎባ እወጣለሁ፤ ጠዋት ተመልሼ ሮቤ እወርዳለሁ።

በምክር ቤት የሚወክለን ሰው የአባቴ ተማሪ ነበር። አባቴ ይህን ለማንም መናገር አይሰለቻቸውም። "ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲጠየቅ ተነሥቶ፣ አስቦ የሚመልስ ልጅ ነበር" ይላሉ። የምርጫው ዕለት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክንዴን ይዘው ሄደው መረጡት። እኔ ማንን እንደመረጥኩ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ነገሩ የተጀመረው አጎቴ ከሲናና የመጣ ዕለት ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስንዴ ያመርታል፤ የመጣለትን ይናገራል። ምሳ እየበላን ወሬው ወደ ምክር ቤቱ ዞረና፣ "ጋሼ፣ ያ ተማሪዎ እጁን ከማውጣት ሌላ ሥራ አለው እንዴ?" አለ።

"በየትኛው ሕግ ላይ ሲያወጣ አየኸው?" አሉ አባቴ።

"በሁሉም ነዋ!"

"አየህ ወይ ነው ያልኩህ።"

አጎቴ ሳቀ። "ማን ያያል ጋሼ? ሲባል ሰምቼ ነው።"

አባቴ አልሳቁም። የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡና፣ "ልክ ነህ፤ እኔም ጎበዝ ነው የምለው ሳላይ ነው" አሉ። አጎቴ ነገሩ ያለቀ መስሎት ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ለአባቴ ግን አላለቀም። አጎቴን ከሸኘን በኋላ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"የተማሪ ደብተር ሳላርም ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ለዚህ ሰው ግን ሰጥቻለሁ። አጎትሽም ሰጥቷል፤ እሱ ዜሮ፣ እኔ መቶ። ክረምት ላይ መራጮቹን ሊያነጋግር ሮቤ ይመጣል ይላሉ። ከዚያ በፊት በዋና ዋናዎቹ ሕጎች ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አለብኝ። አንቺ ታዪልኛለሽ።"

ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ሕግ ማንበብ እንጀራዬ ነው። አዋጆቹን ማግኘትም አልቸገረኝም። የቸገረኝ ሌላው ነው። በእጄ በገባው ጽሑፍ ሁሉ ላይ የሚገኘው የድምፁ ብዛት ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። የማን እጅ ለየትኛው እንደወጣ የሚናገር መስመር አጣሁ። ለአባቴ ስነግራቸው፣ "እጅ ሲያወጡ ቴሌቪዥን ያሳያቸው የለ?" አሉኝ።

ያሳያል። "የምትደግፉ" ሲባል ካሜራው አዳራሹን ይቃኛል፤ እጆች ይወጣሉ፤ ዓይን ሳይጠግብ ያልፋል። እኔ ማድረግ የነበረብኝ የስብሰባዎቹን ሙሉ ቪዲዮ አግኝቼ፣ በዚያች ቅጽበት የአንድን ሰው እጅ መፈለግ ነው። ጎባ ቤታችን ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ቪዲዮዎቹን ሮቤ ቢሮዬ እያወረድኩ በፍላሽ ማምጣት ጀመርኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንቀመጣለን። አባቴ ያዳምጣሉ፤ እኔ አያለሁ።

ሁሉንም ሕግ ማየት እንደማንችል ስለገባን ለባሌ ሰው ይከብዳሉ ያልናቸውን መረጥን። ግብር፣ በጀት፣ ጡረታ፣ መሬት ለልማት ሲወሰድ የሚከፈል ካሳ፣ ደንና ዱር እንስሳት። አባቴ ጡረታው ይቅር ብለው ነበር፤ "የራሴ ጉዳይ ስለሆነ አዳላለሁ" አሉ። እኔ ግን ይግባ አልኩ፤ ገባ።

በግብሩ አዋጅ እጁ ለድጋፍ ወጣ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። በበጀቱም ደገፈ፤ ግን ከዚያ በፊት ተነሥቶ ከጎባ በሪራ በኩል ወደ ቆላው ስለሚወርደው መንገድ ጠየቀ። ድምፁን ሲሰሙ አባቴ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። በጡረታውም ተናገረ፤ ጥሩ ተናገረ፤ ደገፈ። እስከዚህ ድረስ አጎቴ ያለው ልክ ይመስል ነበር።

የካሳው አዋጅ ላይ ስንደርስ ተነሣ። መሬቱን የሚለቅ ገበሬ ሌላ መተዳደሪያ እስኪያገኝ ድረስ በምን ይኖራል ብሎ ጠየቀ። መልስ ተሰጠው፤ መልሱ ግን ጥያቄውን አልነካውም። ከዚያ "የምትደግፉ" ተባለ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ነው። "የምትቃወሙ" ተባለ። አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። "ድምፀ ተአቅቦ" ሲባል እጁ ወጣ፤ ቀስ ብሎ።

"አወጣ?" አሉ አባቴ።

"ለተአቅቦ አወጣ።"

"አየሽ! በዚያ ሁሉ ሰው መሃል!"

እኔ እንደሳቸው አልተደሰትኩም። "አባባ፣ ይሄ እኮ መደበቂያ ነው። ጠይቆ መልስ ካላገኘ ለምን አልተቃወመም? እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ 'ለደንበኛዬ አልከራከርም፣ አልተውምም' ብል ምን ይሉኛል?"

"ጎረቤቶችሽ ሁሉ አንድ እጅ ሲያወጡ የአንቺን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ታውቂያለሽ?"

"ያንን እንዲያደርግ ነው የመረጡት።"

ያን ዕለት ተኳረፍን። ቪዲዮውን ዘግቼ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። የጎባ ብርድ ጣቶቼን እስኪያደነዝዛቸው አጠብኩ። ያንኑ አንድ እጅ አይተን እኔ ፈሪ አልኩት፤ እሳቸው ደፋር አሉት። ሁለታችንም የተረጎምነው ልባችን የፈለገውን ነበር። ስገባ፣ "ምክንያቱን ራሱን እንጠይቀዋለን" አልኳቸው። "እኔም እሱን ነው የማስበው" አሉ።

የደኑ አዋጅ ቀረን። ለድጋፍ ከወጡት እጆች መካከል እሱ ሁልጊዜ የሚለብሰውን ግራጫ ኮት አይቼ፣ "ደግፏል" አልኩ። አባቴ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። ነኝ አልኩ። "ለምን ታዲያ አልተናገረም? ደን ሲነሣ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ድገሚው።" ደገምኩት። ኮቱ የሱን ይመስላል፤ ፊቱን ግን ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ሸፍኖታል። ወደ ኋላ መለስኩ፤ አቆምኩ፤ አጎላሁ። ሌላ ሰው ነበር። የእኛ ሰው ወንበር ባዶ ነው። ጠዋት፣ ውይይቱ ሲጀመር፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ታይቶ ነበር።

ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። ደስታቸው እንደ ጠፋ ፊታቸው ላይ አየሁ። "ታምሞም ሊሆን ይችላል" አሉ በመጨረሻ።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም።

ክረምት ላይ ተወካዩ መጣ። የሮቤ አዳራሽ ሞላ። ከሲናና የስንዴ ገበሬዎች፣ ደኑ ጥግ ካለችው ከሪራ ከብት አርቢዎች፣ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች። አጎቴም መጥቶ ከኋላችን ተቀመጠ። መድረክ መሪው ጥያቄያችንን በመንገድ፣ በውሃና በመብራት ላይ እንድናደርግ አሳሰበ። አባቴ እጃቸውን አወጡ። ሰው ሁሉ ስለሚያውቃቸው ማይክሮፎኑ ቶሎ ደረሳቸው። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ቆምኩ።

በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡና ወደ አማርኛ ተመለሱ። "ልጄ፣ እኔ ውሃም መንገድም አልጠይቅህም። ድምፅህን ነው የምጠይቅህ። በጡረታው ደግፈሃል፤ ተናግረሃል፤ ሰምቼሃለሁ። በካሳው ተአቅቦ ነው ያልከው። በደኑ ወንበርህ ባዶ ነበር። ለምን እንደሆነ ንገረን።"

አዳራሹ አጉረመረመ። መድረክ መሪው ሌሎች ጥያቄዎች ተሰብስበው በአንድነት ይመለሳሉ ሊል ሲል ተወካዩ እጁን አንሥቶ አስቆመው። ከመድረኩ ወርዶ አባቴ ፊት መጣ።

"ባርሲሳ፣ ይቀመጡ" አላቸው። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ተማሪ ሳለ የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር።

"አልቀመጥም። ንገረኝ።"

"በካሳው ያነሣሁት ጥያቄ አልተመለሰልኝም። ስለዚህ መደገፍ አቃተኝ። መቃወም ደግሞ አልደፈርኩም። ፓርቲዬ ወስኖ የገባበት ጉዳይ ነው።" ከሪራ ወደመጡት ዞረ። "በደኑ ዕለት አልታመምኩም። እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ብደግፍ ከብቱን ደኑ ውስጥ የሚያሰማራውን የሪራን ሰው ምን ብዬ አየዋለሁ፤ ብቃወም ደኑ ሲያልቅ ምን እላለሁ ብዬ ውጭ ቆየሁ።"

አጎቴ ከኋላ፣ "ይሄንን ነው ያልኩት!" አለ። አባቴ ግን ወደ ተማሪያቸው ድምፅ ዘንበል ብለው ቆመዋል።

ከሪራ የመጣች አንዲት እናት ተነሣች። በኦሮምኛ ነው የተናገረችው። "ሀርኪ ኢሳ ኤሰ ጂረ"፣ እጁ የት ነበር ማለቱን ተዉት፣ የትም ይሁን፤ ሕጉ ምን ይላል? ከብቶቻችንን በበጋ ወደ ደኑ ስናወርድ እንከሰሳለን ወይስ አንከሰስም? እስካሁን መጥቶ የነገረን የለም።

ሰውየው መለሰላት፤ መልሱ ግን የተድበሰበሰ ነበር፤ አንቀጾቹን በደንብ እንዳላነበባቸው ገባኝ። እኔ አንብቤያቸዋለሁ። ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን አባቴ እጅ ላይ ነበር፤ ተቀበልኳቸው።

"ክቡር ተወካይ፣ አዋጁ በዚህ ላይ ዝርዝሩን ለደንብ ነው የተወው። ደንቡ ገና እየተረቀቀ ነው። እኔ ሪራ ሄጄ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ። እርስዎ ደግሞ አብረውኝ ይምጡና ሰዉ የሚለውን ይስሙ። ያን ዕለት ውጭ ቆይተዋል፤ አሁን ይግቡ።"

የመጨረሻዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ደፈር ማለቴ ታወቀኝ። ሰውየው አየኝ፤ ተቆጥቶ ነበር። ከዚያ አባቴን አየ። "መቼ?" አለኝ።

የሄድነው በዚያው ሳምንት ነው። አባቴ አልቀርም አሉ። ሳነቴ አምባ አናት ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ እንደ ሰው የቆሙት የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ እንኳ የሚታዩት አጠገባቸው ስንደርስ ነበር። ሰውየው ከፊት ተቀምጦ የሰጠሁትን አዋጅ ያነባል። አልፎ አልፎ ዞሮ፣ "ይሄ አንቀጽ እንዲህ ማለት ነው?" ይለኛል። አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ አይደለም እላለሁ። አባቴ በእርጋታ ያዳምጡናል።

ሪራ ላይ ሰዉ ከዝናቡ ተጠልሎ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ጠበቀን። እኔ አዋጁን በኦሮምኛ አስረዳሁ፤ የሕግ ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ ብዬ ዞሬ አብራራለሁ። ከዚያ ሰዉ ወደሱ ዞረ። አልማሩትም። ድምፅ ሰጥተንህ ስንጠራህ የት ነበርክ ያሉት አሉ። ቀፏቸውን ደኑ ውስጥ የሰቀሉ ማር አምራቾች፣ ዛፉን የምንጠብቀው እኛ ሆነን ሳለ እንደ ሌባ የምንታየው ለምንድን ነው አሉት። አላቋረጣቸውም። የሚሉትን ሁሉ ጻፈ፤ በመጨረሻም ተነሥቶ አንብቦ፣ "ያስቀረሁት አለ?" ብሎ ጠየቀ። ነበር፤ ነገሩት፤ ጨመረው።

የጻፈውን ለደንቡ አርቃቂዎች ሰጠ። ደንቡ በኋላ ሲወጣ አየሁት። በየዓመቱ በጋ ከብት ይዞ ወደ ደኑ መውረድ በቦታና በወቅት ተለይቶ ተፈቅዷል፤ የማሩም ጉዳይ ተካቷል። የጠየቋቸው ሌሎች ነገሮች ግን አልገቡም። ሪራ ደውዬ የገባውንም ያልገባውንም ነገርኳቸው። ያችው እናት፣ ለቀረው ደግሞ ማንን ነው የምንይዘው አለችኝ። ያንኑ ተወካያችንን አልኳት።

አጎቴ እስካሁን ይከራከራል፤ አንድ ደንብ ሰው አይቀይርም ይላል። አባቴን ስንት ማርክ ሰጡት ብዬ ጠየቅኋቸው። "ገና ነው፤ ትምህርቱ አላለቀም" አሉ። በሚቀጥለው ምርጫ ይመርጡት እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም ራሴ አልወሰንኩም።

ምክር ቤቱ እንደገና ከተከፈተ በኋላ አንድ ከሰዓት ከፍርድ ቤት ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ተወካያችን ነበር።

"ዛሬ አንድ አዋጅ አጽድቀናል" አለ። "ደግፌያለሁ። አንቺ እንደማትወጂው አውቃለሁ። በቪዲዮ ከማየትሽ በፊት ምክንያቴን ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ነገረኝ። አልተስማማሁም፤ አልተስማማሁም አልኩት። ከዚያ፣ "ይህን ለእኔ ብቻ አይንገሩኝ፤ ሮቤ መጥተው አዳራሹ ውስጥ ይናገሩት" አልኩት።

"እመጣለሁ" አለ። ቀኑን እስኪቆርጥልኝ ስልኩን አልዘጋሁም።