ዱላ ሲያርፍባቸው ያላነሱት እግር

ባለቤቴ ካዛንቺስ ባለው ቤታችን ሰገነት ላይ፣ በሁለት ቴሌስኮፕና በአሮጌ ካሜራ የሩቅ ከዋክብትን ፎቶ ያነሱ ነበር። አንዱ ፎቶ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ካሜራው ብርሃን ሲለቅም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔንም "ቀስ ብለሽ ርገጪ፣ ከዋክብቱ ፎቶው ላይ ይንቀጠቀጣሉ" ይሉኛል።

አንድ ምሽት የሰፈሩ ጥበቃዎች ትልቁ ቴሌስኮፕ የጦር መሣሪያ መስሏቸው ዱላ ይዘው ወደ ሰገነቱ ወጡ። "ማን ላይ ነው የምታነጣጥረው፣ አንተ ሽማግሌ!" የመጀመሪያው ዱላ የባለቤቴን ትከሻ ሰበረው፤ ሁለተኛው ግንባራቸውን ተረተረው። እኔ እሪ ስል እሳቸው በዱላውና በቴሌስኮፑ መሃል ቆመው፣ እግራቸውን ሳያነሱ፣ "እኔን ምቱ፤ እሱን አትንኩት፣ ፎቶው አላለቀም" አሉ።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ትከሻቸው እስኪሞቱ ድረስ አልተቃናም።

ዛሬ ሰገነቱ ባዶ ነው። እኔ ግን ልብስ ላሰጣ ስወጣ አሁንም በጣቶቼ ጫፍ እራመዳለሁ።