ውድነሽ ያራራቀቻቸው ፍሬሞች

ከቀፎው ላይ የሚደረበው የማሩ ሳጥን ዐሥር ፍሬም ይይዛል። ውድነሽ ግን ስምንት ብቻ ታስገባና በመካከላቸው የትንሽ ጣት ያህል ክፍተት ትተዋለች። ንቦቹ ክፍተቱን ለመሙላት ሲሉ የማር እንጀራውን ወደ ጎን ያወፍሩታል። ማሩ ከፍሬሙ እንጨት አልፎ ስለሚወጣ ቢላዋው ሳይደናቀፍ የሰም ክዳኑን ይገፈዋል። ከስምንቱ የምትቆርጠው ማር ከዐሥሩ አያንስም፤ ዝናብ በደህና በጣለበት ዓመት እንዲያውም ይበልጣል።

ይህን ማንም አላስተማራትም። ደምበጫ አካባቢ ስታድግ ቀፎ የወንድ ሥራ ስለነበር አባቷ ማር ሲቆርጡ ያየችው ከሩቅ ነው። ሐርጌሳ የመጣችው በጦርነት የፈረሰው ከተማ እንደገና ሲሠራ፣ ግንበኛ ባሏን ተከትላ ነበር። ባሏ በበሽታ ሲሞትባት ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር አዋሌ በሚባሉ አዛውንት ቤት ለቤት ሥራ ተቀጠረች። አዋሌ በስደት ዘመናቸው ጅጅጋ ኖረው አማርኛ ለምደዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አራት ባለ ፍሬም ቀፎዎች ይዘው መጥተው ጓሯቸው ውስጥ አስቀመጡ። አንድ ቀን ንብ ነድፏቸው ፊታቸው ሲያብጥ ግን ማጨሻውን ለውድነሽ አስረከቧት።

«አንቺ የማር አገር ሰው ነሽ» አሏት። ቀፎ ነክታ እንደማታውቅ አልነገረቻቸውም።

መጀመሪያ ላይ ባዶዎቹን ፍሬሞች አራርቃ አስቀመጠቻቸው። ንቦቹም በክፍተቱ ውስጥ የራሳቸውን ጠማማ እንጀራ ሠርተው ሁሉንም እርስ በርስ አጣበቁት፤ እያለቀሰች በቢላዋ ቆርጣ አወጣችው። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ዐሥሩንም አጠጋግታ አስገባች። ንቦቹ እንጀራውን ቀጥ አድርገው ከሠሩ በኋላ ሁለቱን አውጥታ የቀሩትን አራራቀች። ተሳካላት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ማር ሲፈልጉ የሚጠይቁት አዋሌን ሳይሆን እሷን ሆነ። ባሏ ከሞተ በኋላ በዚያ ከተማ ውስጥ በስሟ የምትጠራበት ሥራ ያገኘችው በንቦቹ ነው።

የ1987 ኅዳር ሲገባ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል መድፍ መተኮስ ጀመረ። ጎረቤቶች ፍራሻቸውን ጠቅልለው መውጣት ያዙ። አዋሌም ቤተሰባቸውን ይዘው አረብሲዮ ወደሚገኘው የወንድማቸው የአትክልት ቦታ ሊሄዱ ወሰኑ።

«ቀፎዎቹስ፣ አደር?» አለቻቸው። በአገሩ ደንብ አጎቴ እንደማለት ነው።

«ሰው ላውጣ ወይስ ዝንብ ላውጣ?»

«ከተዉዋቸው ውሃ የሚያስቀምጥላቸው የለም። ሳጥኑንም ለማገዶ ይፈልጡታል። ስፍራ ከተገኘ ይጫኑልኝ፤ እኔ ከላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።»

«እሺ። መንገድ ላይ ቢያልቁ ግን እኔን እንዳትወቅሺኝ» አሉ አዋሌ።

ሲመሽ ሾፌሩ እንየው የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። የበርበራን መንገድ ሲመላለስበት የኖረ ያገሯ ልጅ ነው። ቀፎዎቹን ሲያይ ከጋቢናው አልወርድም አለ።

«እታለም፣ ስኳር ጭኛለሁ፣ ፍየል ጭኛለሁ፣ ግመልም ጭኛለሁ። ንብ ግን አይሆንልኝም። አንዷ ጋቢና ከገባች መሪውን ላንቺ ትቼ ነው የምወርደው!»

«እንግዲያው በሰላም የምንደርሰው ያን ጊዜ ነው» አለችው።

እየሳቀ ወረደ። ክብደቱን ለማየት አንዱን ቀፎ ለሁለት ብድግ ሲያደርጉት ከውስጥ ‹ጓ› የሚል ድምፅ ተሰማ። ውድነሽ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችውና ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አዋሌ።

«ማር ይብዛልኝ ብዬ ነው ያራራቅኋቸው። መንገድ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ዐሥሩ ፍሬም ተጠጋግቶ ቢሆን አንዱ ሌላውን ደግፎ ይይዘው ነበር። የተራራቀው ግን ይወዛወዛል፤ በኮረኮንች መንገድ ማር የሞላው ወፍራም እንጀራ እርስ በርሱ እየተጋጨ ንቦቹን ይፈጫቸዋል። ንግሥቷን እንቁላል ከምትጥልበት ከታችኛው ሳጥን ወደ ማሩ ሳጥን እንዳትወጣ የሚያግድ ወንፊትም ስላልነበራት የትኛዋ ንግሥት ላይ፣ የትኛዋ ታች እንዳለች አታውቅም። ንግሥት ከሞተች ያ ቀፎ አለቀለት። ማሩን አሁን እንዳትቆርጠው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነሡት።

«እኔኮ የገዛሁት ዐሥር ዐሥር ነው!» አሉ አዋሌ። «ስምንት ስታደርጊው ዝም ያልኩት ማሩ ስለጣፈጠኝ ነው።»

ውድነሽ ቀና ስትል አዋሌ እንደ ልማዳቸው የጥርስ መፋቂያቸውን ነክሰዋል። ለመንገድ የያዙት ትልቅ የመፋቂያ እስርም ከሻንጣቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ እንጨት የትንሽ ጣት ያህላል።

«አደር፣ መፋቂያዎን ይስጡኝ።»

«የቱን?»

«እስሩን በሙሉ። ያፍዎ ይቅርልዎ።»

«በሉ እንግዲህ» አለ እንየው ከሩቅ፣ «ንቦቹ ጥርሳቸውን ፍቀው ነው የሚሄዱት!»

እንጨቶቹን አሳጥራ ቆረጠቻቸው። ጭስ እየነፋች ክዳኑን ከፍታ፣ በፍሬሞቹ ጫፍና ጫፍ በእያንዳንዱ ክፍተት አንዳንድ ቁራጭ ሸጎጠች። ንቦቹ እጇን ነደፏት፤ መድፉ ሲያጓራ ደግሞ ሳጥኑ ሁሉ አብሮ ያጓራል። «እመቤቴ፣ አንቺ ያዥልኝ» እያለች ሠራች። አራተኛው ቀፎ ላይ እንጨቱ አለቀባት። አዋሌ ያፋቸውን አውጥተው ሰጧት። እሱም ግን ለአንድ ክፍተት እንጂ ለሁሉም አልበቃም፤ የቀረውን በጭራሮ ደገፈችው።

ሊነጋጋ ሲል መግቢያዎቹን በወንፊት ዘግተው ጫኑ። ፍሬሞቹ በመኪናው ርዝመት እንዲሆኑ አዙራ አስቀመጠቻቸው፤ ፍሬን ሲያዝ እንዳይጋጩ። መንገዱን በሙሉ ጆሮዋን ሳጥኖቹ ላይ አድርጋ ሄደች።

አረብሲዮ ደርሰው ሎሚ ዛፎች ሥር አወረዷቸው። ወንፊቱን ስታነሣ ከአራቱም ቀፎ ንብ ወጣ። ይህ ግን ንግሥቷ መኖሯን አይነግርም፤ ንግሥቷ የሞተችበት ቀፎ ንብም ለጥቂት ቀን ይወጣል፣ ይገባል። የንብ እንቁላል በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ስለዚህ ታግሣ ጠበቀች። በአራተኛው ቀን የሚገኝ እንቁላል እዚሁ የተጣለ ነውና።

ሦስቱ ቀፎዎች እንቁላል ነበራቸው። አራተኛውን ስትከፍት ግን ከላይኛው ሳጥን በጭራሮ የደገፈችው አንድ እንጀራ ተገንጥሎ ወድቋል። ከሥሩ በማር የተለወሱ ብዙ ንቦች ሞተዋል። ከሬሳው መካከል በጣቷ እየለየች ንግሥቷን ፈለገች፤ አላገኘቻትም። ወደ ታችኛው ሳጥን ወረደች። አንዱ ፍሬም ላይ ምንም የለም። ሁለተኛውም ላይ የለም። ሦስተኛውን ወደ ፀሐይ አዘንብላ ዓይኗን አቅርባ አየችው።

«ሞተዋል?» አሉ አዋሌ ከአጥሩ ዳር ሆነው።

በእጇ ጠራቻቸው። እኒያ ንብ የሚፈሩ ሰው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ መጡ።

«ምንም አይታየኝም» አሉ ወደ ፍሬሙ አጎንብሰው።

«ከእንጀራው ጉድጓዶች ወለል ላይ፣ አደር። እንቁላሎቹ ነጭ ናቸው፤ የክር ቁራጭ ነው የሚመስሉት። ቀጥ ብለው የቆሙት ገና ዛሬ የተጣሉ ናቸው።»

አዋሌ አንገታቸውን አስግገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አዩት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ በዝግታ።

«ተመስገን» አለች ውድነሽ፣ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«በይ መልሺው፣ ብርድ እንዳይመታቸው።»

«ቀትር ነው እኮ፣ አደር።»

«ቢሆንም» አሉ፣ ክዳኑንም ራሳቸው አነሡላት።