ከእኔ በቀር ማንም አይከፍተውም
ሴት ልጄን ያገባው መምህር ስለ ኮምፒውተሩ ሲመጻደቅ ብትሰሙት! «እማማ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ተቆልፏል። ዲስኩን ነቅለው ቢወስዱት እንኳ ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም» ይለኛል። እኔ ያልተማርኩት ምን እላለሁ? «ይሁንልህ» አልኩት።

ታዲያ የማስተርስ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱን ጠረቀመና ረጅም የቁጥር ቁልፍ አምጣ አለው። እሱ እቴ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር በዓይኑም አይቶ አያውቅ! አይ መማር! መሳቢያውን ሁሉ ገለባብጦ ሲያበቃ የልቅሶ ቤት ፊት ይዞ መጣ። እጁን ይዤ ወደ አማን ከተማ፣ ኮምፒውተሩን ወደገዛበት ሱቅ ወሰድኩት።

ባለሱቁ ምንም አልደነገጠም። «ስትገዛ በእኔ ኢሜይል ነው ያስጀመርኩልህ። ቁልፉ ያኔውኑ ወደ እኔ መጥቷል» ብሎ ስልኩን አወጣ።

«የዚህ ሰውዬ ሚስጥር አንተ ኪስ ውስጥ ነው የከረመው?» አልኩት።

«የእሱ ብቻ መሰለዎት እማማ?» አለና ስልኩን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ያነብልኝ ጀመር። «የማሻው ዳኛ… የቴፒዋ ነርስ… የቱሙ ፖሊስ… ይኸው፣ መምህሩ!»